ቱታህን መልሼልሃለሁ

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ልንገርህ፤ አለዚያ በሰላምታው ተሸፍኖ ይቀርብኛል። የዚያን ሰውዬ፣ የሚስተር ፒንደርን እግር በቅባት ሳሽ፣ ያንተን እግር የማሽ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለልጄ ለስምረት አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። የቀጠረኝ የአስታማሚዎች ቢሮ የሚከፍለኝ እንዳጥበው፣ እንዳለብሰውና እንዳበላው ነው። እግሩን ማሸት ከራሴ የጨመርኩት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ አሸሁት። ዛሬ ይህን ሳስብ ተነስቼ እጄን መታጠብ ያሰኘኛል።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? የወፍጮው ብናኝ ደረትህን እንዳይጎዳው አፍንጫህን ሸፈን አድርግ ያልኩህን ሰማኸኝ ወይስ እንደ ልማድህ ስቀህ አለፍከው? ክረምቱ ሲገባ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? የአልጣሽ ደም ብዛት ወረደላት? ብዙዬስ ፈተናው እንዴት ሆነላት? እማማ ዘርፈሽዋል የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ በኋላ ሰው መለየት ቻሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስምረትና ፍቅረሥላሴ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ገብተዋል። ከኛ ጋር ሁኚ ብለው ለመኑኝ፤ ከዚያ ለሥራዬ የሚሆን ባስ ስለሌለ ኦሮራ ያለችውን ክፍሌን አልለቅም አልኳቸው። ፍቅረሥላሴ ያው ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ልጃቸው ማቲ ከኔ በላይ ረዝሟል፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ሚስተር ፒንደርን ያስተዋወቅኩህ እኔ ነኝ። ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር ሳሞግስልህ ከርሜአለሁ። ቢሆንም ከሥሩ ልድገመው፤ ያኔ ያላየሁት አሁን ስጽፈው ይታየኛል።

ሰውዬው ባርቤዶስ ከምትባል ደሴት ነው። ደሴቶቹ ተባብረው ዌስት ኢንዲስ የሚባል አንድ ቡድን አላቸው፤ ለዚያ ቡድን ክሪኬት ይጫወት ነበር። በክሪኬት አንዱ የተተከሉትን እንጨቶች ለመጣል ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ደግሞ ኳሱን በጠፍጣፋ ዱላ እየመታ ይመልሳል። አብዛኛው ተጫዋች የሚካነው ከሁለቱ አንዱን ነው። ሁለቱንም እኩል የሚችለውን ኦል ራውንደር ይሉታል፤ እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ ከጥቂት አይበልጥም። እሱ አንዱ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሞተ። ያ የሚወረውርበትና የሚመታበት ጎን መሆኑ ነው። ልጁ ማርቫ እዚህ ነርስ ስለሆነች አምጥታ ታስታምመዋለች። እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ እገባለሁ።

መቼም የእናታችን ጓዳ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ፊደል የለየሁ ሰው ስለሆንኩ የተጻፈ ነገር አይቼ አላልፍም። እሱ ሲተኛ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የክሪኬት መጻሕፍት እያወረድኩ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለቡድኑ ተመርጦ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ከቅዝቃዜው የተነሳ ኳሱን በብብቱ እያሞቀ ይወረውር ነበር ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጣቱ ተሰብሮ ሳለ ቡድኑ ሊሸነፍ ሲል ወጥቶ በአንድ እጁ ሲመታ ውሎ ሳይሸነፉ አመሹ። ያንን ገጽ ሳነብ አልቅሼ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ሲኖር ከጎኑ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ በተጣመመው አፉ ያስረዳኛል፣ እኔም ስገምት አንዳንዴ ይሳካልኛል፤ ያኔ በደህናው እጁ ጉልበቱን ይመታል። መጻሕፍቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ስሙ ይጠፋል። ምን ሆነህ ተውከው ብዬ ስጠይቀው ጉልበቴ ነው አለኝ።

አመንኩት። ማመን ብቻ መች ሆነ፤ አዘንኩለት እንጂ። ሳይጨርስ የቀረ ስፖርተኛ ሁሉ አንተን ይመስለኛል፤ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ላጽናናው ብዬ ያንተን ታሪክ ነገርኩት። በስልሳ ስምንት ሐምሌ ሞንትሪያል ድረስ ሄደህ፣ ስምህ ለአምስት ሺህ ሜትር ተመዝግቦ ሳለ፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ የተጫወተችው ኒውዚላንድ ካልወጣች እኛ እንወጣለን ብለው አፍሪካውያን ሲያድሙ፣ አንዲት ዙር ሳትሮጥ መመለስህን ነገርኩት። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥቁርን ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ወንበር የማያስቀምጥ እንደነበረም እሱ የማያውቅ መስሎኝ አስረዳሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አስተኚኝ አለኝ። ደክሞት ነው ብዬ ብርድ ልብስ አልብሼው ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ገና ከበሩ ስገባ ሯጩ እንዴት ነው ይለኝ ጀመር። ሰላምታውን ጻፍኩልህ። አንተም እኔን አምነህ፣ ከስፖርተኛ ለስፖርተኛ ይሁን ብለህ ባለፈው ጥምቀት በጥሩሰው እጅ ቱታህን ላክህለት። አንድ ቀን ያልለበስከውን፣ እናታችን በሣጥኗ ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ያኖረችውን፣ ጀርባው ላይ ኢትዮጵያ የሚለውን አረንጓዴ ቱታ። ለመስጠት እንዴት ጨከነ ብዬ ተገርሜ ነበር። ሰውዬው ጭኑ ላይ አስቀምጦ በግራ እጁ ሲዳብሰው ዋለ። ይህንንም ትልቅነት ነው ብዬ ጻፍኩልህ። እንዴት እንደሚያስጠላኝ ብታውቅ።

በሰኔ አንድ እሑድ እዚህ ኦሮራ ሜዳ ላይ ክሪኬት የሚጫወቱ ሰዎች እናክብረው ብለው ድንኳን ተከሉ። ሕንዶች፣ ፓኪስታኖች፣ ከደሴቶቹ የመጡም አሉበት፤ ሁሉም ነጭ ለብሰው ሲታዩ የጥምቀት ዘማሪ ይመስላሉ። ቅዳሴዬን ትቼ አብሬው ሄድኩ። ጠዋት ሳለብሰው ኮቱን ገፋ አድርጎ ቱታውን አሳየኝ። ዛሬ የምለብሰው ይህን ነው አለኝ። ደስ አለኝ። የሞተውን ክንዱን አስቀድሜ አስገብቼ፣ ዚፑን በገዛ እጄ እስከ አንገቱ ሳብኩለት።

አንድ ወጣት ሕንድ ማይክራፎን ይዞ ታሪኩን አነበበ። የተሰበረችው ጣት ላይ ሲደርስ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። መጨረሻው ላይ በጉልበት ሕመም ምክንያት ከጨዋታ ተሰናበተ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ሰዎች እጁን ለመጨበጥና ፎቶ ለመነሳት ተሰለፉ። ከነሱ መካከል ኦስዋልድ ነበር። ኦስዋልድ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የምሳፈርበትን የ15 ቁጥር ባስ የሚነዳ፣ ጠዋት ጠዋት ማማ ብሎ ሰላም የሚለኝ ሰው ነው። እሑድ እሑድ የጨዋታው ዳኛ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የዚያችው ደሴት ልጅ ነው። ተራው ሲደርስ ሚስተር ፒንደር ግራ እጁን ዘረጋለት። ኦስዋልድ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።

"ኤልሮይ፣ ጉልበትህ ጆሃንስበርግ ላይ ደህና ነበር። የታመመው መቼ ነው?" አለው በስሙ ጠርቶ።

ወጣቶቹ የአገር ልጆች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሚስተር ፒንደር እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ኦስዋልድ ቱታውን ከላይ እስከ ታች አየና ወደ እኔ ዞረ። ይህ ያንቺ አገር ልብስ አይደለም ወይ አለኝ። ነው፣ ወንድሜ ነው የሰጠው አልኩት። ወንድምሽ ያውቃል? አለኝ። ምኑን? አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሜዳው ተመለሰ። የተዘረጋውን እጅ ይዤ ጭኑ ላይ የመለስኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ባሱ ላይ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ኦስዋልድ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር በመስተዋቱ እያየኝ ነገረኝ። በኛ አቆጣጠር በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ዓለም ከደቡብ አፍሪካ ነጮች ጋር አልጫወትም ብሎ በራቸውን ዘግቶባቸው ሳለ፣ ብር የያዙ ሰዎች ወደ ደሴቶቹ መጥተው ተጫዋቾችን አባበሉ። እሺ ያሉት ተደብቀው ሄዱ። እነሱም ጥቁር ናቸው፤ ታዲያ የት ይደሩ? የት ይብሉ? የነጮቹ መንግሥት መላ አላጣም። የክብር ነጭ አላቸው። በነጮች ሆቴል ተኙ፤ እነሱን የሚመስለው ጥቁር ጫማቸውን ወለወለ፣ አልጋቸውን አነጠፈ፣ ሲመሽ ከከተማው ተባሮ ወጣ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜ ልክ ከጨዋታ ታገዱ፤ ሰው ሲያያቸው መንገድ እየተሻገረ ሸሻቸው። ኦስዋልድ ልጅ ሳለ የሚስተር ፒንደርን አወራወር መስታወት ፊት እየቆመ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክንዴን እንደሱ አንስቼ አላውቅም አለኝ።

የክብር ነጭ የሚለውን ቃል ይዤ መውረጃዬ ሳይደርስ ወርጄ ከአንድ የመኪና ጋራዥ አጥር ሥር አስመለሰኝ። ወንድም ጋሼ፣ የበላሁት ነገር አልነበረም።

አፌን በውኃ ተጉመጥምጬ ገባሁ። ገንፎውን ሠርቼ አቀረብኩለት። ሁልጊዜ በሞተው የአፉ ጎን ሲንጠባጠብ ቶሎ ብዬ እጠርግለታለሁ፤ ያን ቀን ተውኩት፣ አገጩ ላይ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ኦስዋልድ የሚለው እውነት ነው? አልኩት። እውነት ነው አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ ቡድኑ ሊጥለኝ ነበር፣ ሦስት ልጆች ነበሩኝ አለ። ከዚያም ጨመረበት።

"ደቡብ አፍሪካ ምኔ ናት?"

ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰማኸው አንተ ታውቃለህ። ከኔ ነው። ከሞንትሪያል የመጣህ ቀን ሻንጣህን ሳታወርድ፣ እናታችንና ጎረቤት እየሰሙ፣ ደቡብ አፍሪካ ምንህ ናት፣ የአክስትህ አገር ናት? አልኩህ። አሰላ ሙሉ በሬዲዮ ስምህን ሲጠብቅ ከርሞ ባዶ እጅህን መጣህ አልኩህ። የመውጣቱ ውሳኔ ያንተ እንዳልነበረ እያወቅኩ ነው። አንተ የመሮጫ ጫማህን ከበሩ ጀርባ አስቀመጥክና ሁለተኛ አላነሳኸውም። ከአራት ዓመት በኋላ ለሞስኮ ሊፈልጉህ የክለቡ ሰዎች ሲመጡ፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም አልካቸው። ውኃ ይዤላቸው ስገባ ሰምቼሃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በመካከላችን ስለ ሩጫ ተነስቶ አያውቅም፤ አንተም አልወቀስከኝም፣ እኔም ማረኝ አላልኩህም። ባለቤቴ ሞቶ ብቻዬን ስቀር ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ የሱ ሞት ብቻ ሳይሆን ያ የበር ላይ ንግግሬም ነበር።

ስለዚህ ሰውዬውን ስጸየፍ ራሴን ዘልዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ነገር ግን እኔ በምላሴ ያልኩትን እሱ በእግሩ ሄዶ አደረገው፤ ልዩነቱ እንዳልጠፋብኝ እወቅልኝ። ደግሞም እኔ ሞኝ ልጅ ነበርኩ፣ እሱ የሦስት ልጆች አባት። ልጆች ያሉት ሰው ሁሉ የክብር ነጭ አልሆነም። የኦስዋልድም አባት አገዳ ቆርጠው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

ይህም ይሁን አልኩና ሌላውን ጠየቅኩት። ወንድሜ ስለምን እንዳልሮጠ እየነገርኩህ፣ ልብሱን ስትቀበል እንዴት አልከበደህም? ለምን ለበስከው? አልኩት። ገንፎው አገጩ ላይ ደርቆ ነበር።

"ሰው አንድ ቀን እንኳ በንጹሕ ልብስ እንዲያየኝ ብዬ ነው" አለኝ።

ከሁሉም የባሰብኝ ይህ ነው። ሄዶ መጫወቱን ስሰማ አስመለሰኝ፤ ይህን ስሰማ ግን የማስመልሰው እንኳ አልነበረኝም። ያንተን ሠላሳ ሁለት ዓመት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተከናንቦት ፎቶ ተነሳ። እኔ ደግሞ ዚፑን ሳብኩለት።

ከእሑድ ጀምሮ አላወልቅም ብሎ ለብሶት ነበር የተኛው። አውልቅ አልኩት። ሲለበስ የሞተው ክንድ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ግን ደህናው ነው የሚቀድመው። እንዲያ አድርጌ አወለቅኩት። አላገዘኝም፣ አልተከላከለኝምም፤ ዓይኑ ብቻ እጄን ይከተል ነበር። ባዶ ትከሻው ሲበርደው አየሁና የራሱን ሹራብ አለበስኩት። ከዚያ አገጩን ጠረግኩለት። አትሳቅብኝ፤ እንዲያ ሆኖ ትቼው መውጣት አልሆነልኝም።

ቱታህን ማሽን ውስጥ አልከተትኩትም። በገላ ሳሙና በእጄ አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣሁት። ኮሌታው ሥር ትንሽ የቲማቲም ምልክት አልለቅ ብላኛለች፤ ስታያት የማን እንደሆነች እንድታውቅ ብዬ ነው የምነግርህ። እናታችን ብትኖር ታለቅቃት ነበር።

ለቢሮው ሌላ ሰው ላኩለት ብዬ ቀረሁ። ማርቫ ቤቴ ድረስ መጥታ አለቀሰችብኝ። አባቷ ቢሮው ከላከለት ሴቶች እጅ አልበላም ብሎ ከስቷል። ያለፈ ነገር ነው፣ ደግሞም ግማሽ አካሉ የሞተ ሰው ነው አለችኝ። የሄደ ጊዜ ሙሉ ነበር አልኳት። ያንን በማለቴ አልጸጸትም፤ እሷ ግን ምን አደረገች? ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ትምህርት ቤት የከሃዲ ልጅ እያሉ ምሳዋን ይደፉባት ነበር። ይህን ስትነግረኝ በእንግድነት ያቀረብኩላትን ዳቦ በእጇ እንደያዘች ነበር።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እመለሳለሁ። ስምረት እንዲህ እያስጠላሽ ለምን ትሄጃለሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ ፍቅረሥላሴ ደግሞ እማማ፣ እሱን መቅጣት ያንቺ ሥራ አይደለም አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ። ከጎኑ ተቀምጬ ጨዋታ አላይም፤ ሰላምታውንም ወዳንተ አላሻግርም። እግሩን አላሽም። ያ ከመጀመሪያውም ያንተ ነበር፤ አንተ ግን እዚያ ነህ፣ እጄም አይደርስም።

የሚደርሰው ቱታው ነው። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ሬዲዮውን ዘግተህ ወፍጮ ቤት እንደምትከርም አልጣሽ ነግራኛለች። በነሐሴ መጀመሪያ ቤጂንግ ይከፈታል። ዘንድሮ አትዝጋው። ቱታውን ልበስና ከሰው ጋር ተቀምጠህ ስማ። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅህ ልጅ ካለ ለምን እንዳልሮጥክ ንገረው። በአሰላ የሚያውቀው የለም፤ እኔው ነኝ ያን ቀን በጩኸቴ የቀበርኩት። ደቡብ አፍሪካ ምንህ እንደነበረች የገባኝ በዚህ ዕድሜዬ፣ ለዚያውም አገጩ ላይ ገንፎ ከደረቀበት ሰው ነው። ማረኝ፣ ወንድም ጋሼ።

አልጣሽን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትረሳ፣ ጨውም ትቀንስ። ብዙዬን ፈተናው እንደምንም ቢሆን አክስትሽ ትኮራብሻለች በላት። የእማማ ዘርፈሽዋልን ጉልበት ሳምልኝ፤ ዓይናቸው ካየላቸው ይህን ወረቀት ራሳቸው ያንብቡት፣ ያን ቀን ከሰሙት ጎረቤቶች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸውና። ጋሽ ሀይለማርያምን ወፍጮው እንዳይጮኽባቸው የተከልክላቸውን ዛፍ እንዳይቆርጡት ንገርልኝ። ስምረት፣ ፍቅረሥላሴና ማቲ እጅ ይነሳሉ።

እህትህ ጤናዬ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሐምሌ 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይህን ወረቀትና አረንጓዴውን ቱታ ይዛ የምትመጣው የደብራችን ልጅ እታለም ናት። የቤቱን ምልክት ስትጠይቀኝ ወፍጮ ቤት አላልኳትም። ፖስታው ላይም እንዲህ ብዬ ጽፌላታለሁ፦ ይድረስ አሰላ፣ ለሯጩ ለብዙነህ።